በ1780 የቆመው ብር

«የእቴጌ ምንትዋብ ብር ነው» እየተባለ ወደ እኔ የመጣው ጠገራ ጥቂት አይደለም። ጎንደር፣ ማራኪ ያለው ቤቴ የጡረተኛ ታሪክ መምህር ቤት መሆኑን የሚያውቁ ጎረቤቶችና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የሟች እናታቸውን ሣጥን ሲከፍቱ ያገኙትን ብር በመሐረብ ቋጥረው ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ስንት ዓመቱ ይሆን? መልሱ እዚያው ብሩ ላይ ያለ ይመስላል። በንሥሩ ገጽ፣ ዙሪያውን የከበበው ጽሑፍ በሚያልቅበት ቦታ 1780 የሚል ቁጥር በጉልህ ተቀርጿል። ቁጥሩን ያነበበ ሰው ቀና ሲል የምንትዋብን ደብር ቁስቋምን ያያል፤ ከዚያ ብሩን ከእቴጌይቱ ግምጃ ቤት ለማውጣት ብዙ አይርቀውም።

ነገር ግን ምንትዋብ ያረፉት በ1773 ነው። 1780 የሚል ጽሑፍ ያለበት ብር እጃቸው ሊገባ አይችልም። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን የምጠራው፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ብሩ ራሱ የሚናገረው በዚያ ነውና።) ምስሏ በብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከ1740 ጀምሮ ስትነግሥ፣ ምንትዋብ እዚህ ጎንደር ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ፣ በኋላም ለልጅ ልጃቸው ለኢዮአስ አገር ያስተዳድሩ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ዘመን ኖረዋል። የንግሥቲቱ ምስል ያለበት ብርም ከ1741 ጀምሮ ተመትቷል፤ በምንትዋብ ዘመን ጎንደር የገባ ካለ ከ1780 የቀደመ ዓመት የተጻፈበት መሆን አለበት። ወደ እኔ የሚመጣው ግን ሁሉም 1780 ነው።

ሰው የሚያዝንብኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ስነግረው ነው። 1780 የሚለው ቁጥር ብሩ በዚያ ዓመት ተመታ ማለትም አይደለም። ማሪያ ቴሬዛ በኅዳር 1780 ሞተች። ብሩ ግን በእርሷ ስም፣ በእርሷ መልክ፣ በዚያው ዓመት ቁጥር መመታቱን ቀጠለ፤ በልጇ ዘመን፣ በልጅ ልጇ ዘመን፣ የሐብስቡርግ ዙፋን ከፈረሰም በኋላ፣ እስከ ዛሬም ድረስ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አንድ የልደት ቀን ይዞ ወጣ። እንግዲህ ከፊቴ ያለው ጠገራ በናፖሊዮን ዘመን ይሁን በሙሶሊኒ፣ የተጻፈበትን በማንበብ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ሌላ ነገር ማንበብ ያስፈልጋል።

ይህን ሌላ ንባብ የተማርኩት ከሮማውያን ገንዘብ ነው። በሮማውያን ዘንድ አንድ ገንዘብ ከተመታና እጅ ለእጅ ከዞረ በኋላ፣ ሌላ ባለሥልጣን፣ በሌላ ቦታ፣ በትንሽ የብረት ማኅተም ዳግም ይመታው ነበር። ማኅተሙ ሦስት ፊደል ሊሆን ይችላል፤ ከርከሮ ወይም መርከብም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ያረጀው ገንዘብ እንዲያልፍ መፍቀድ፣ ዋጋውን መለወጥ፣ ለወታደር የተከፈለ መሆኑን ማመልከት፣ ወይም አዲስ ገዥ መጥቷል ብሎ ማወጅ። ለታሪክ ተመራማሪ የዚህ ምልክት ጥቅም ከገንዘቡ ጽሑፍ ይበልጣል። ገንዘቡ የት እንደተወለደ ይናገራል፤ ምልክቱ ግን በኋላ የት እንደዋለና በማን እጅ እንዳለፈ ይናገራል።

ብዙ ጊዜ ለተማሪዎቼ የማነሳው ምሳሌ የቫሩስ ነው። አውግስጦስ ቄሣር በሉግዱኑም፣ ዛሬ ሊዮን በምትባለው ከተማ፣ ያስመታቸው የመዳብ ሳንቲሞች ነበሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ላይ የቫሩስን ስም የሚያሳጥሩ ሦስት ፊደላት ተጨማምቀው ተመትተዋል። ቫሩስ በጀርመን ምድር የሮም አገረ ገዥ የነበረው ከ7 እስከ 9 ዓ.ም. ብቻ ነው፤ በ9 ዓ.ም. ከሦስት ሌጌዎኖቹ ጋር ጫካ ውስጥ አለቀ። ስለዚህ ምልክቱ የተመታው በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ነው፤ ምልክቱን የተሸከመው ሳንቲም ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመት የዞረ ሊሆን ይችላል። በሰሜን ጀርመን ካልክሪዘ በተባለው ቦታ እንዲህ ያሉ ሳንቲሞች ከመሬት ሲወጡ፣ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የቫሩስ ጦር ያለቀበት ቦታ ይህ ነው ለማለት ካበቋቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ትንሽ ማኅተም ነበር።

በኔሮን አንገት ላይ የሮምን ምክር ቤትና ሕዝብ የሚያመለክቱ አራት ፊደላት የተመቱበት ሳንቲም አለ። ይህ የ68 ዓ.ም. ዓመፅ ወሬ ነው፤ ሰዎቹ የጠሉትን ንጉሥ ገንዘቡን አቅልጠው ሳይሆን አንገቱ ላይ መትተው ነው የሻሩት። አሥረኛው ሌጌዎን ፍሬቴንሲስ ደግሞ ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. ከጠፋች በኋላ እዚያው ሰፍሮ፣ ያገኘውን ያረጀ ሳንቲም በከርከሮና በመርከብ ምልክቱ እየመታ ይገበያይበት ነበር። ክሪስቶፈር ሃውጌጎ የሮም አውራጃዎችን እንዲህ ያሉ ምልክቶች ሰብስቦ በ1985 አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። ምልክቱ ከተሸካሚው ሳንቲም አይቀድምም። ሁለት ምልክት ከተደራረበ፣ የላይኛው የኋለኛው ነው። ሳንቲሙ አርጅቶ ምልክቱ ስለታም ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ረጅም ዘመን አለ፤ ሁለቱም እኩል ካረጁ ግን አብረው ኖረዋል። የተገኘበት ቦታ ካልተመዘገበ ደግሞ የማስረጃው እኩሌታ ጠፍቷል።

ይህን ይዤ ወደ ጎንደር ስመለስ የሚገጥመኝ ጥያቄ አለ። የጎንደር ነገሥታት በጠገራው ላይ ማኅተማቸውን ለምን አልመቱም? ፋሲለደስ በ1636 ከተማይቱን ከቆረቆሩ ጀምሮ እዚህ የነገሡት ሁሉ የራሳቸውን ገንዘብ አላወጡም። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከእንዱቢስ ጀምረው ወርቅ፣ ብርና ነሐስ መትተዋል፤ ያ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ቆመ። ከዚያ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ድረስ ከ1,200 ዓመት በላይ በአገራችን የንጉሥ ገንዘብ አልታተመም። የጎንደር ገበያ የቆመው በአሞሌ ጨው፣ በወቄት በሚመዘን ወርቅ፣ ከዚያም ከምጽዋ በዓድዋ በኩል በሚገባው በዚህ የሩቅ አገር ብር ነው። ለነጋድራሱ ቀረጥ፣ ለቤተ ክርስቲያን ስዕለት፣ ለሙሽራ ጥሎሽ፣ ለደም ካሳ፣ ሁሉም በእርሱ ሆነ። የንጉሥ ማኅተም የሌለበት ገንዘብ ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሳይጠራጠረው መዞሩ በራሱ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው።

መልሱ ገበያው ራሱ መርማሪ መሆኑ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የገቡ አውሮፓውያን መንገደኞች እየተማረሩ የጻፉት ይህንኑ ነው። ሻጩ ብሩን ይቀበልና ቶሎ አያስገባውም። አውራ ጣቱን በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ላይ ያሳልፋል፤ በዙሪያው ያሉትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቆጥራል። ከዚያ ፀጉሯን የያዘውን ዘውድ ዕንቁዎች ያያል። ከሥር በኩል ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ኤስ እና ኤፍ፣ ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ወይም ከመደብዘዙ የተነሣ መቁጠር ካልተቻለ፣ ብሩ ንጹሕ ብር ቢሆንም ይመለሳል፤ ወይም በቅናሽ ይያዛል። ቆጣሪው ላቲን አያነብም፤ ማሪያ ቴሬዛ የምትባል ሴት መኖሯንም አልሰማ ይሆናል። የሚያውቀውን ግን በሚገባ ያውቃል።

ያ ምርመራ ያስከተለውን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ኤስ እና ኤፍ የጉንስቡርግ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ሁለት ሹማምንት፣ የሾብልና የፋቢ፣ የስማቸው መጀመሪያ ፊደላት ናቸው። ጉንስቡርግ ዛሬ በባየር ግዛት ያለች፣ ያኔ በሐብስቡርግ ሥር የነበረች ትንሽ ከተማ ነች፤ የአውግስቡርግ ነጋዴዎች ለምሥራቁ ንግድ የሚፈልጉትን ብር እዚያ ያስመቱ ነበር። ማተሚያ ቤቱ በ1805 ተዘጋ። ሹማምንቱም ሞቱ። ሆኖም በቪየና፣ በፕራግ፣ በሚላን፣ በቬኒስ የተቀመጡ ቀራጮች ከዚያ በኋላ በተሠራው ማኅተም ሁሉ የእነዚያን ሁለት ሙታን ፊደላት ሲቀርጹ ኖሩ። ለምን? ፊደሉ የሌለበት ብር ጎንደርና ጅዳ ላይ ስለማያልፍ ነው። ዓመቱ 1780 ሆኖ የቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሮማዊው ባለሥልጣን መዶሻ አንሥቶ ያደረገውን፣ የእኛ ገበያ በእምቢታ አደረገው። ስለዚህ 1780 የሚለውን ቁጥር እኔ የማነበው እንደ ዓመት አይደለም፤ የቅዳሜ ገበያው ሻጭና መሰሎቹ ቪየና ባለው ብረት ላይ ያስመቱት ምልክት አድርጌ ነው። ይህን ስል ያጋነንኩ አይመስለኝም። የዙፋን ለውጥ፣ የሕገ መንግሥት ለውጥ፣ የግዛት መፍረስ ሊለውጡት ያልቻሉትን ቁጥር የጠበቀ ሌላ ኃይል አላየሁም።

ይህን ኃይል ሊንቁ የሞከሩት ሁሉ ከስረዋል። ኢጣሊያ በ1918 ማሪያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት የተቀረጸችበት፣ በመጠኑም የሚቀራረብ ብር ለኤርትራ አስመታች። ሴትዮዋ ሌላ ነች፤ ጽሑፉም የኢጣሊያ መንግሥት ይላል። ሰው አገላብጦ አየውና መለሰው። የምኒልክ ብር ፓሪስ ተመትቶ በ1887 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሲወጣ፣ አንበሳው ያማረ፣ ብሩም ደህና ነበር፤ ያም ሆኖ ሰሜኑ ለብዙ ዓመታት ጠገራውን ይመርጥ ነበር። የአዲስ አበባው ማተሚያ ቤት በበኩሉ ትምህርት ሳይወስድ አልቀረም፤ በእኛ አቆጣጠር 1895 ዓ.ም. የሚለውን ግርሽ ዓመቱን ሳይለውጥ ከሃያ ዓመት በላይ መትቶታል።

ወደ መሐረቡ ልመለስ። ዓመቱ አንድ ከሆነ፣ ጠገራውን በምን እንለየዋለን? በቀራጩ እጅ ነው። ማኅተም ቀራጭ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ የራሱን እጅ አይደብቅም። የትከሻው ጌጥ ሞላላ ነው ወይስ ክብ? የንሥሩ ጅራት ላባ ስንት ነው፣ አቀማመጡስ? ከ1780 ቀጥሎ ያለው የመስቀል ምልክት ነጥብ አለው ወይስ የለውም? በጠርዙ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚለው የላቲን ጽሑፍ መካከል ያሉት ጌጦች ምን ይመስላሉ? ማይክል ብሩም በ1972፣ ሌይፖልድ በ1976፣ ሃፍነር በ1984 ይህን ሁሉ ለቅመው ሰንጠረዥ አድርገውታል። ማተሚያ ቤቶቹ የተዘጉባቸው ዓመታት ደግሞ ድንበር ይሆኑናል። ሚላን ከኦስትሪያ እጅ የወጣችው በ1859፣ ቬኒስ በ1866 ነው፤ እንግዲህ የሚላን እጅ የሚታይበት ጠገራ ከ1859 ወዲህ አልተመታም ማለት ነው።

ለጎንደር ትልቁ ድንበር 1935 ነው። ሙሶሊኒ ለወረራው ሲዘጋጅ ጠገራ ያስፈልገው ነበር፤ ሊራ ይዞ ቢመጣ ማንም እንደማይቀበለው ያውቃል። በዚያ ዓመት ከኦስትሪያ ማኅተሙንና ለ25 ዓመት የማተም መብቱን ወሰደ፤ ሮምም መምታት ጀመረች። እንግሊዞች ተቃውመው በ1936 ለንደን ላይ መምታት ጀመሩ፤ ፓሪስና ብራስልስም መትተዋል፤ በጦርነቱ ጊዜ ቦምቤይ ተጨመረች። ቪየና ሥራዋን መልሳ ያገኘችው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። የኢጣሊያው የስታራቼ ጦር ጎንደር የገባው በሚያዝያ 1936 መባቻ ነው፤ የኢጣሊያው ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው በኅዳር 1941 ነው። በእነዚያ ዓመታት ፒያሳን ለሠሩ የቀን ሠራተኞች፣ ለገባር ሹምና ለቅጥር ወታደር የተከፈለው ገንዘብ ውስጥ የሮም ጠገራ ነበረበት። ከጎንደር ሣጥን የሮም እጅ ያለበት ብር ሲወጣ፣ ዕድሜው ከ1935 አይበልጥም። ባለቤቶቹ ይህን ስነግራቸው ዋጋው የቀነሰ ይመስላቸዋል። ለእኔ ተገላቢጦሽ ነው፤ ያ ብር የወረራውን ዘመን የሚመሰክር የቤታቸው ሰነድ ነው፤ ማን ከማን ተቀበለው፣ ለምን አገልግሎት፣ ለምንስ ሳይወጣ ተቀመጠ የሚለው ገና ያልተጻፈ ታሪክ ነው።

እውነተኛ የላይ ማኅተም የተመታባቸው ጠገራዎችም በዓለም ላይ አሉ። ፖርቱጋሎች በ1889 ለሞዛምቢክ ከዘውድ ሥር ሁለት ፊደል ያለው ማኅተም መትተውባቸዋል። በቀይ ባሕር ማዶ ደግሞ የሸሪፍ ሑሴን መንግሥት ከ1916 በኋላ በዐረብኛ «አል ሒጃዝ» የሚል ምልክት በጠገራና በቱርክ ገንዘብ ላይ ያስመታ ነበር፤ መንግሥቱ ያበቃው ኢብን ሳዑድ በ1925 ሒጃዝን ሲይዝ ነው። በመተማ በኩል ከሱዳን ጋር የነገደ፣ ወይም ለሐጅ ባሕር የተሻገረ የጎንደር እስላም ቤተሰብ ይህን ይዞ ቢመለስ አያስገርምም።

አንድ ጎልማሳ እንዲህ ያለ ብር ይዞልኝ መጣ። ከአዲስ ዓለም ሰፈር ነው፤ አያቱ ነጋዴ ነበሩ። ብሩ በንግሥቲቱ ገጽ ላይ፣ ከአንገቷ ፊት፣ ያ የዐረብኛ ማኅተም ተመትቶበታል። ገዢ እንዳገኘና ብዙ እንደሚከፈለው ነገረኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ማጉያ መስተዋቱን አነሣሁ። ማኅተሙ ጠርዙ ስለታም ነው፤ የንግሥቲቱ ጉንጭ ግን ተልጓል። ይህ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ያረጀ ብር ላይ አዲስ ምልክት መምታት የተለመደ ነው። ቀጥዬ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥና የንሥሩን ጅራት ከሰንጠረዡ ጋር አስተያየሁ። ብሩ ከ1935 በኋላ ከተመቱት ነው። የሒጃዝ መንግሥት ከፈረሰ አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ የተወለደ ብር ላይ የሒጃዝ ማኅተም ሊኖር አይችልም። ማኅተሙ የተመታው ለሰብሳቢ ገዢ ነው፤ እንዲህ ያሉ የሒጃዝና የነጅድ ምልክቶች ዛሬ በዓለም ገበያ ብዙ ናቸው። ጎልማሳውን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «አያቴ ግን ሐጅ ሄደዋል» አለ። መሄዳቸውን አልተጠራጠርኩም። ብሩን እንዲህ ብሎ እንዳይሸጠው፣ የአያቱን መንገድ ግን እንዲጽፈው ነገርኩት፤ ወረቀት ሰጠሁት፤ ጻፈም።

በእኛው አገር እጅ ያረፉት ምልክቶች ሌላ ዓይነት ናቸው፤ እኔን የሚስቡኝም እነርሱ ናቸው። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የብር ጌጥ የሚሠራ አንጥረኛ አለ፤ አባቱም አያቱም አንጥረኛ ነበሩ። ጠገራ ይዤ ስሄድ አንሥቶ በጣቱ ጫፍ ላይ ያስቀምጠውና በሌላ ብር ይነካዋል።

«ድምፁን ይስሙት እስቲ፣ መምህር» ይላል። «መዳብ የበዛበት ቶሎ ይሞታል። ይኼ ይጮኻል።»

«ጠርዙ ላይ ያለውን ጭረት ምን ትለዋለህ፣ ልጄ?» አልኩት አንድ ቀን።

«የሞረድ ነው። አባቴ የተጠራጠረውን እንዲህ ይነካዋል፤ ውስጡ ቀይ ከሆነ ይመልሰዋል። ሁልጊዜ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ነበር የሚነካው። ያው ብር ዞሮ ሲመጣ ጭረቱን አይቶ ድጋሚ አይሞርደውም፤ ‹ይኼን እኔ አውቀዋለሁ› ይላል።»

ይህን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ይቸግረኛል። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ እጅ፣ ለአንድ ዓላማ የተደረገ ጭረት፣ ብሩ እንደገና እንዲያልፍ የሚፈቅድ! የሮም ሌጌዎን በመዶሻ ያደረገውን ጎንደር ውስጥ አንድ አንጥረኛ በሞረድ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝን ጠገራ ሁሉ መጀመሪያ የማየው ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ያለውን ጠርዝ ነው። ጭረት ያለበትን አግኝቻለሁ፤ የዚያ ቤት ጭረት ነው ለማለት ግን ብሩ ከየት ሰፈር እንደመጣ መጠየቅ፣ የጭረቱን ወርድ መለካትና ከአንጥረኛው አባት ሞረድ ጋር ማስተያየት ይጠይቃል። ሞረዱ እስካሁን አለ።

ሚዛኑም ይናገራል። ጠገራ አዲስ ሲወጣ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ። አንጥረኞቻችን ወቄት የሚሉት መጠን ከእርሱ ጋር እኩል በመሆኑ፣ ጠገራው ራሱ የሚዛን ድንጋይ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ወርቅ በአንዱ ሰሐን፣ ጠገራ በሌላው። ስለዚህም ያረጀ ብር ወርቅ ሻጩን ጠቅሞ ገዢውን ይጎዳል፤ ሚዛን የሆነው ጠገራ ተለይቶ በጨርቅ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ከሣጥን የወጣ ብር ጠርዙ ሹል፣ ጌጡ ሁሉ ጥርት ያለ፣ ነገር ግን መሐሉ ብቻ የተለሰለሰ ሆኖ ሳገኘው፣ ይህ ገበያ የዞረ ሳይሆን ሰሐን ላይ የተቀመጠ ይሆን እላለሁ።

ቀዳዳ ያለው ደግሞ ከገበያ ወጥቶ አንገት ላይ የዋለ ነው። ይህ ልማድ ከእኛ ይልቅ እጅግ ይቀድማል። ኤርትራ ውስጥ ማጠራ በተባለው ጥንታዊ ከተማ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ ሲቆፍሩ ያገኙት አንድ ዕቃ ውስጥ 14 የሮም የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታት ምስል ያለባቸው፣ ለአንገት ጌጥ የተሰናዱ፣ ከመስቀል ጋር አብረው የተቀመጡ። ሳንቲሞቹ ክርስትና አገራችን ከመግባቱ በፊት የተመቱ ናቸው፤ መስቀሎቹ ግን ዕቃው የተቀመጠበትን ዘመን ክርስትና ወደ ተስፋፋበት ጊዜ ያመጡታል። ማሰሪያው የሳንቲሙን ዘመን ሳይሆን የባለቤቱን ዘመን ይናገራል። የጎንደርም ሴት ጠገራውን በስታ በድሪዋ ላይ ስታስገባ ያደረገችው ይኸንኑ ነው። ቀዳዳው ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ከሆነ ምስሏ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ከንሥሩ በላይ ተለክቶ የተበሳ ከሆነ የፊት ገጽ ሆኖ የተመረጠው ንሥሩ ነው። ቀዳዳው በላይኛው ከንፈሩ በኩል ብቻ ከተበላ ለረጅም ዘመን ተንጠልጥሏል። የቀለጠ ብር ጠብታ ካለበት ማንጠልጠያ ተበይዶበት ኋላ ተነቅሏል፤ ምናልባት የ1937 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ በእኛ አቆጣጠር ሲታወጅ ለመመንዘር።

ያ ለውጥ ብዙ ምልክት አጥፍቷል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሕጋዊ ገንዘብ ሆነ። ከእርሱ ጋር የወጣው የ50 ሳንቲም ገንዘብ እውነተኛ ብር ነበረበት፤ ወረቀት የማያምነውን ሰው ጠገራውን እንዲያወጣ የሳበው ይኸው ነው። የተሰበሰበው ጠገራ ቀለጠ ወይም ወደ ውጭ ወጣ፤ ጭረቱም፣ ቀዳዳውም፣ የትኛው ከየት መንደር እንደመጣም አብሮ ሄደ። ዛሬም ያው እየሆነ ነው። ለጎብኚ የሚሸጥ ሰው ብሩን በአመድና በሎሚ ያሸዋል፤ ጥቁረቱ ሲለቅ ለስላሳ ጭረቶች አብረው ይለቃሉ። እባካችሁ አታጽዱት። ከመሸጣችሁም በፊት የማን እንደነበረ፣ በየትኛው አጥቢያ፣ በየትኛው ሣጥን እንደነበረ በወረቀት ጻፉለት፤ ክብደቱን አስመዝኑት፤ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሡት። ይህን ለማድረግ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ መሆን አያስፈልግም።

በቅርቡ አንዲት እናት የአንገት መስቀላቸውን አሳዩኝ። ከአንድ ጠገራ ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ አንጥረኛው ፊቱን አልስልሶ መስመር አውጥቶበታል፤ ጀርባውን ግን ትቶታል። በመብራት ፊት ሲያዘነብሉት በታችኛው ክንድ የንሥሩ ጅራት፣ በግራው ክንድ ከፊል ክንፍ ይታያል። ቀለበቱ ከላይ በኩል ከግማሽ በላይ ተበልቷል። መስቀሉን የእናታቸው እናት ክርስትና ሲነሡ የክርስትና እናታቸው ሰጥተዋቸው ነበር፤ እናትየው ሲያርፉ ለእርሳቸው አለፈ። ከ1780 በኋላ መሆኑ ርግጥ ነው። የጅራቱ ላባ ከሰንጠረዡ ጋር ሲተያይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ከተመቱት ከቪየና ብሮች ጋር ይሄዳል። አያትየው ክርስትና የተነሡት፣ በቤተሰቡ ቆጠራ፣ ደርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ማግሥት ነው፤ ያም 1888 ነው። በመዝገቤ የጻፍኩት እንዲህ ነው፤ ብሩ በ1840 እና በ1870 መካከል የተመታ፤ መስቀሉ ከ1890 በፊት የተቆረጠ፤ ቦታው ጎንደር፣ ባለቤቷ ለብሳዋለች፤ አልጸዳም።